እሺ ባዩ ሙሽራና የሳይክሉ መንገድ

ጌድዮን እህቴን የተዋወቃት በመኪና በር ጥሏት ነው። ይህን ስናገር ሰው የማጋንን ይመስለዋል፤ ምንም አላጋነንኩም።

ኢሊሊ ያን ቀን ከሥራ ወጥታ ከጦር ኃይሎች ወደ ቤት በሳይክሏ እየመጣች ነበር። መንገዱ ገና አዲስ ነው። ለሳይክል ብቻ ተብሎ ዳር ዳሩን የተከለለው መስመር ቀለሙ እንኳ በደንብ አልተረገጠም። አንድ የታክሲ ሹፌር እዚያ መስመር ውስጥ ጥልቅ ብሎ ቆመና ከኋላ የተቀመጠውን ተሳፋሪ «እዚሁ ውረድልኝ፣ ቶሎ በል» አለው። ተሳፋሪው «እሺ» ብሎ፣ ዞር ብሎም ሳያይ በሩን በረገደው። ኢሊሊ ከነሳይክሏ በሩ ላይ ተላተመች፣ በላዩ አልፋ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፣ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ቦታው የራሳችን ግቢ በር ፊት ለፊት ነው። ተሳፋሪው ደግሞ ጌድዮን ነበር።

ሹፌሩ ወዲያው ተፈተለከ። ጌድዮን ግን ሐኪም ቤት ወሰዳት፣ በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ ፓፓያ። እናታችን ወይዘሮ ጉዲቱ «ይሄ ልጅ አትክልት ቤት አለው እንዴ?» እያለች ትስቅ ነበር። ጄሶው ሲፈታ የእሱም መምጣት ያበቃል ብለን ነበር። ጄሶው ተፈታ፣ እሱ መምጣቱን ቀጠለ፣ ነገሩ ሽማግሌ እስከ መላክ ደረሰ።

ጌድዮንን ወደድኩት፤ የማይወደድ ሰው አይደለም። የሚያናድደኝ እሺታው ነበር። ማኪያቶ አዝዞ ሻይ ቢያመጡለት እሺ ብሎ ይጠጣል። ወያላው ከመውረጃው አሳልፎ ቢያወርደው እሺ ብሎ በእግሩ ይመለሳል። ፀጉር ቤት «ጢሙንም እናንሳው?» ብለውት እሺ ብሎ፣ ማታ ቤታችን ሲመጣ እናቴ «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» ብላዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ለእህቴ «እወድሻለሁ፣ እሺ» ሲላት እንዴት ብዬ ልመነው? ለወያላውም እሺ ብሏል እኮ!

ኢሊሊ በተቃራኒው ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋትም ማታም በሳይክል ነው። እጇ ከዳነ በኋላ ደግሞ የሳይክሉን መንገድ ሕግ ለሰፈሩ ሁሉ ማስተማር ጀመረች። መኪና እዚያ መስመር ላይ አይነዳም፣ አይቆምም። ወደ ግቢ ወይም ወደ ቅያስ ሲታጠፍ ብቻ ያቋርጣል፤ ያውም ሳይክል እየመጣ ከሆነ ቆሞ፣ አሳልፎ። ከመኪና የሚወርድ ሰው በር ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ያያል። ሳይክለኞቹንም አትምራቸውም፤ ሄልሜት ይደረግ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ አይመጣ፣ አንድ ሳይክል አንድ ሰው። «አንድ ሳይክል አንድ ሰው» የሚለውን የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ እንደ ጨዋታ ይሉታል። እሷን ራሷን «ትራፊኳ» ነው የሚሏት።

ሰርጉ ሲቃረብ፣ አንድ ማታ ሳሎን ተቀምጠን፣ ለጌድዮን ነገረችው።

«በሰርጌ ቀን ከአጀቡ አንድ መኪና እንኳ የሳይክሉ መንገድ ላይ ከቆመ፣ ከቤት አልወጣም።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ኢሊሊን አውቃታለሁ።

«እሺ» አለ ጌድዮን።

«ለጋሽ መሸሻ ትነግራቸዋለህ?»

«እሺ።»

ጋሽ መሸሻ አጎቱ ናቸው። አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሳንሱሲ ሰፈር ትልቅ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። የሰርጉን አጀብ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ጌድዮን ለእሳቸው እምቢ ማለትን በሕልሙም አልሞከረውም። ስለዚህ የዚያን ማታ ሁለቱን እሺዎች ስሰማ በሆዴ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ለእህቴ ሲል አንድ ቀን፣ አንዲት ጊዜ እንኳ፣ ለአንድ ሰው አይሆንም ማለት ይችላል ወይ? ኢሊሊም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። መኪናው ሰበቡ ነው።

የሰርጉ ቀን ቅዳሜ ሆነ። ሚስኪ፣ የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ፣ ገና ሳይነጋ ዕቃዋን ተሸክማ መጥታ የኢሊሊን ፀጉር መቆለል ጀመረች። ቆለለችው፣ ቆለለችው፣ በመጨረሻ ኢሊሊ በበር ስታልፍ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነባት። ነጭ አበባ በየመሃሉ ሰካካችበት። ሚስኪ ራቅ ብላ አይታው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር።

ዓለም ባንክ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሩቅ አይደለም። ችግሩ ፓስተሩ ነው። «ከእናንተ ቀጥሎ ሌሎች ሙሽሮች አሉኝ፤ ከዘገያችሁ ተራችሁን ለእነሱ ነው የምሰጠው» ብለው በግልጽ ነግረውናል። ሲሉት ደግሞ ፈገግ አላሉም።

ከረፋዱ ላይ የጥሩምባው ድምፅ ከጦር ኃይሎች በኩል ይሰማ ጀመር። እኔ ከኢሊሊ ጓደኞች ጋር ወርጄ የግቢውን የብረት በር ያዝኩ። መቼም ሰርግ ነው፤ ሙሽራው መጥቶ በሩ ወለል ብሎ አይጠብቀውም። የእኛ ወገን በሩን ዘግቶ አናስገባም ይላል፣ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጩብናል፣ ይዘፈናል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። በሩ የሚዘጋው ሊከፈት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ደስታውም እሱ ነው።

አጀቡ ደረሰ። መንገዱ በመኪና ጢም ብሎ ነበር፤ ዳሩ ላይ ያለው የሳይክል መስመር ግን ባዶውን፣ ንጹሑን ተዘርግቷል። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ያበደ ሹፌር ካልሆነ በቀር ማን ያልፈዋል? በአበባና በሪባን ያጌጠችው የሙሽራ መኪና እጥፍ ብላ ገባችበት። የጋሽ መሸሻ ጥቁር መኪና ተከተለች። ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ከግቢያችን በር እስከ ፌርማታው ድረስ ተሰለፉበት። አራቱም መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል።

ሮጬ ወደ ላይ ወጣሁ። ኢሊሊ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«አልወጣም» አለች።

«ኢሊሊ፣ ሰዉ ሁሉ...»

«ሌሊሴ፣ ነግሬዋለሁ።»

ልታለቅስ ነው መሰለኝ፤ ሚስኪ ግን «ኩሉ! ኩሉ!» ብላ በሶፍት ደረሰችላት።

እኔ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ደረጃ ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ነው የምወርደው። በሩ ጋ ደርሼ በብረቱ ቀዳዳ አፌን አስጠግቼ ጮህኩ።

«መኪናዎቹን ካላነሳችሁ በሩ አይከፈትም!»

ዋናው ሚዜ አማኑ ይባላል፤ ከበሮ ከተሸከመ ሌላ ነገር የማይሰማ ሰው ነው። ዓይኑ በራ።

«ኧረ አዲስ ግጥም ይዘው መጥተዋል!» ብሎ ከበሮውን ደለቀው። «ተቀበል! መኪናውን አንሱ!»

«አናነሳም!» አለ አጀቡ ሁሉ።

«መኪናውን አንሱ!»

«አናነሳም!»

«ዘፈን አይደለም!» አልኩ። «እውነቴን ነው! ሙሽሪት አትወጣም!»

«ሙሽሪት አትወጣም!» አለ አማኑ በዜማ።

«ትወጣለች!» መለሱለት።

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? በጮህኩ ቁጥር ጩኸቴ ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ሽቶ ዓይኔ ውስጥ ረጩብኝ። «ዓይኔን! ሽቶውን አቁሙ!» ስል እሱንም ተቀበሉኝ። የከፋው ደግሞ ከኋላዬ ነው፤ በሩን አብረውኝ የያዙት የእህቴ ጓደኞች ትከሻቸውን እየነቀነቁ ማጨብጨብ ጀመሩ። ከጎረቤት ሱቅ ሰው ወጣ፤ ከፎቅ ላይ እልልታ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም የተጨፈረብኝ የለም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከጦር ኃይሎች በኩል አምስት ሳይክለኞች መጡ። የክለብ ልብስ የለበሱ፣ ከሄልሜታቸው ሥር ላብ የሚንጠባጠብ ጎልማሶች ናቸው። የአጀቡ ጭራ ጋ ሲደርሱ መንገዳቸው ተዘጋ። ደወላቸውን ደወሉ። አማኑ ደወሉን ሰማና «እሰይ! ደወሉንም አምጡት!» አለ። ሳይክለኞቹ ትንሽ ተያዩ፣ ከዚያ እንግዲህ ምን ይደረግ ብለው ሳይክላቸውን እየገፉ መጥተው በደወል አጀቡት።

ከዚህ ሁሉ መሃል ጌድዮን ክሬም ቀለም ሱፉን ለብሶ፣ አበባ ይዞ፣ ፈገግ እንዳለ ቆሟል። መኪናዎቹን አየ። ከመኪናዎቹ ጎማ ሥር ያለውን ቀለም አየ። ፈገግታው ትንሽ በትንሽ ከፊቱ ወረደ።

«ጌድዮን!» አልኩት በቀዳዳው። «ጫማዋን አውልቃለች!»

ገባው። ዞሮ ወደ አጎቱ ሄደ። ጋሽ መሸሻ መኪናቸውን ተደግፈው ያጨበጭባሉ።

«ጋሼ... መኪናዎቹ ትንሽ...»

«መኪናዎቹ ምን ሆኑ?»

«ምንም። እሺ።»

ተመለሰ። የብረቱን በር በጥርሴ ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጌድዮን አማኑን ጠርቶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው፤ አማኑ ከበሮውን ሳያቆም ራሱን ነቀነቀና ረሳው። ጌድዮን እንደገና ወደ አጎቱ ሄደ። አሁን ደግሞ እሳቸው ቀድመው ክራቫቱን አስተካከሉለትና ግንባሩን ሳሙት። እንደገና «እሺ» ብሎ ተመለሰ። ለምኑ እንደሆነ እንጃ፤ ለክራቫቱ ይሆናል።

ያኔ ኢሊሊ በረንዳው ላይ ወጣች። ባዶ እግሯን ናት፣ ቬሉ ከፀጉሯ ቁልል ላይ ወደ ኋላ ወርዷል። ሕዝቡ ሲያያት እልልታው ቀለጠ። እሷ ማንንም አላየችም። ጌድዮንን ብቻ አየችና የግራ እጇን ከፍ አድርጋ አንጓዋን በቀኝ እጇ ያዘች። ሰው ሁሉ የሙሽራ ሰላምታ መስሎት እጁን አውለበለበላት።

ጌድዮን አበባውን ለአንዱ ሳይክለኛ ሰጠው። ወደ አጎቱ ሄደ፤ አሁን ፈጥኖ ነው የሄደው።

«አይሆንም ጋሼ» አለ።

ጮክ ብሎ አልተናገረም። ግን ቃሉ በሁለት የከበሮ ምት መሃል ወደቀና ሁሉም ሰማው። የአማኑ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ መሸሻ።

«አይሆንም። መኪናዎቹ ከዚህ ይነሱ።»

«ዛሬ እኮ ሰርግ ነው! ሰርግ የሚቀጣ ትራፊክ የት ታውቃለህ?»

«ትራፊክ አይደለም ጋሼ የፈራሁት። ኢሊሊን የሰበርኳት እዚህች ቦታ ላይ ነው። የእርስዎ መኪና የቆመችበት ላይ።»

ጋሽ መሸሻ ወደ መኪናቸው ጎማ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ።

«በሰው ፊት እንዲህ ትለኛለህ?»

«በሰው ፊት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይሆንም።»

ሱሪው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውስጡ ያለው ጉልበት ነው የሚያንቀጠቅጠው። ያን ጊዜ በሩን ዘልዬ አቅፌ ልስመው ፈለግኩ። ጋሽ መሸሻ መኪናቸው ውስጥ ገቡና በሩን ድርግም አደረጉት። የሁሉም ሹፌር እሳቸውን ነው የሚያየው፤ ሁሉም ሞተር አስነሳ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ዋናው መንገድም ዋጣቸው።

ሳይክለኞቹ አጨበጨቡ። መስመሩ ነጻ ሆነ። እኔም በሩን በገዛ እጄ ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ጌድዮን ሲገባ ኢሊሊ ጫማዋን አድርጋ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። አልተሳሳሙም፣ አልተቃቀፉም፤ ተያዩና ሁለቱም ፊታቸው ቀላ። የእናቴን ጉልበት ሳሙ፣ እናቴ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የጨረሰችውን ረጅም ምርቃት መረቀቻቸው፣ እልል ተባለ፣ ከግቢ ተወጣ።

መኪና የለም።

ማንም ይህን አላሰበውም። የሙሽራዋ መኪና ከነአበባዋ ከአጀቡ ጋር ሄዳለች። አማኑ ስልክ ደወለ። «ከኋላ ያሉት መኪናዎች ወደ ፊት ገፍተው ወስደውናል፣ መዞሪያም የለም፣ ንቅንቅ አላልንም» አለው ሹፌሩ። አማኑ ስልኩን ሳያስቀምጥ የእኔ ስልክ ጮኸ። ፓስተሩ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ቆመን የነበረው መንገድ ላይ ነው።

«ቀጣዮቹ ሙሽሮች ግቢ ውስጥ ገብተዋል» አሉና ዘጉት።

በእግር እንዳይኬድ፣ በዚያ ቀሚስና በዚያ ጫማ ኢሊሊ ስትደርስ ሌሎቹ ተጋብተው ልጅ ወልደዋል። ሁላችንም ተፋጠጥን። ኢሊሊ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። መኪናዎቹ አጠገቧ ጎማ ለጎማ ተጣብቀው ቆመዋል፤ የሳይክሉ መንገድ ከእግሯ ሥር ተነሥቶ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ ባዶውን ሄዷል። ከሆዷ መሳቅ ጀመረች።

«ሌሊሴ፣ ሳይክሌን አውጪልኝ።»

«ያ ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን ጠራች እናቴ፣ ደረቷን ይዛ።

ጌድዮን ኢሊሊን አየ፣ ሳይክሎቹን አየ፣ እሱም ሳቀ። ከአንዱ የክለብ ሳይክለኛ ፊት ቆሞ «ወንድሜ፣ ሳይክልህን ከነሄልሜትህ አውሰኝ» አለው። ማሽከርከር ኢሊሊ በእሑድ ጠዋት ጠዋት አስተምራዋለች፤ ቢሆንም እንደዚያ ያለ ቀጭን ጎማና ቀጭን ኮርቻ አይቶ አያውቅም። ሁለተኛውን ሳይክል ከነሄልሜቱ እኔ ነጠቅኩ። ልጅ ሆኜ በደቂቃ ሂሳብ እየተከራየሁ ያላጋጨሁት አጥር የለም፤ ሐምራዊ የሚዜ ቀሚስ ለብሼ ሞክሬው ባላውቅም።

«ምን ሁለት ሳይክል ያስፈልጋል፣ ጌድዮን ያፈናጥጣት!» አለ አማኑ።

«አንድ ሳይክል አንድ ሰው!» አለ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ። ኢሊሊ ዞራ ስታያቸው ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

እናቴ ደንግጣ አልቀረችም። ልብስ ማድረቂያው ገመድ ጋ ሄዳ መቆንጠጫዎቹን በሙሉ ለቅማ መጣችና የሙሽራዋን ቀሚስ ከጉልበት በታች ዙሪያውን ሰበሰበችው። የተረፈውን የእኔ ቀሚስ ላይ ጨረሰችው። ጌድዮን ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ኢሊሊ ሄልሜቷን አነሣችና የሚስኪን ዓይን ፈርታ ቆመች።

«በላዩ ላይ?» አለች ሚስኪ። «በዚህ ላይ?»

«ሚስኪዬ፣ ሌላውን አስገድጄ እኔ ያለ ሄልሜት ልሂድ?»

ሚስኪ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆየችና ገለጠችው። ከዚያ በገዛ እጇ የፀጉር ማስያዣዎቹን እየመዘዘች ያን ሁሉ የንጋት ልፋት አፈረሰችው። ሄልሜቱን አጠለቀችላት፣ አበቦቹን በሄልሜቱ ቀዳዳዎች ሰካካቻቸው፣ ቬሉን ከኋላ አሠረችው። ራቅ ብላ አየችው።

«ኧረ ይሄ ይበልጣል!» አለች።

ሄድን! ኢሊሊ ከፊት፣ ጌድዮን ከኋላዋ እየተወላገደ፣ እኔ ከእሱ ኋላ፣ የቀሩት ሦስት ሳይክለኞች ደግሞ ደወል እየደወሉ አጀቡን። ሳይክላቸውን ያዋሱን ሁለቱ ከእናቴና ከጎረቤቱ ጋር በእግረኛው መንገድ ይሮጣሉ፤ አማኑ ከበሮውን ተሸክሞ ከእነሱ ጋር። ቬሉ ከኢሊሊ ሄልሜት ላይ ተነሥቶ ጌድዮን አፍ ውስጥ ይገባል፤ ጌድዮን ይተፋዋል፣ ተመልሶ ይገባል። እኔ እየሳቅኩ ሚዛኔን ልስት ደረስኩ።

በጎናችን ያሉት መኪናዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ወያላ ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ አየን። «ሙሽራ! ሙሽራ በሳይክል! ዓለም ባንክ፣ ሙሽራ!» ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። እልልታው ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ከፊታችን ይሄድ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከመስኮት ዳቦ ቆርሳ ወረወረችልኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በላሁት።

የእኛን አጀብ ደረስንበት። መኪናዎቹ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተገትረዋል፣ መብራታቸው አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሽ መሸሻ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል። ኢሊሊ ስታልፍ ከሄልሜቷ ጋር ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው። ጌድዮንም ጎንበስ ሊል ሲል መሪው አመለጠውና፣ በዚህ በኩል መስመሩን ከመኪናው መንገድ ከሚለዩት አጫጭር ምሰሶዎች ከአንዱ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ዳነ። ጋሽ መሸሻ አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ አልፈን ሄደናል።

ከአጀቡ ፊት የቪዲዮ ቀራጩ መኪና ነበረች። ቀራጩ በጣራዋ መስኮት ግማሽ አካሉ ወጥቶ ሲጋራ ያጨሳል። ሙሽሪትን በሄልሜት ሲያያት ሲጋራው ከአፉ ወደቀ። ካሜራውን አፈፍ አደረገና ጣራውን በእጁ መታ፤ «ግባ! ግባ! ከኋላቸው ግባ!» አለው ሹፌሩን። አንድ ግቢ መግቢያ ላይ በምሰሶዎቹ መሃል ክፍተት ነበር። መኪናዋ በዚያ ሾለከችና የሳይክሉ መንገድ ውስጥ ገባች፤ ከእኛ አለፍ ብላ ስለነበረች ኢሊሊ ካለፈች በኋላ በእሷና በእኛ መሃል ልትገባ ሆነ።

ኢሊሊ አላየችም። ከፊት ናት፣ ደወሏን እየደወለች፣ እየሳቀች ትሄዳለች። ያየነው ጌድዮንና እኔ ነን። ልጮህ አፌን ስከፍት ጌድዮን ፍሬኑን ያዘ። እግሩን መሬት ላይ ተከለ፣ ሳይክሉን ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት አጋድሞ ቆመ፣ እጁን አነሣ።

«አይሆንም» አለ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ! ለትዝታ እኮ ነው!» አለ ቀራጩ ከላይ። «እንዲህ ያለ ቪዲዮ በአዲስ አበባ የለም! ቆይታችሁ ታመሰግኑኛላችሁ!»

«አይሆንም አልኩህ። ውጣ።»

አሁን ሱሪው አልተንቀጠቀጠም። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም በረንዳ ላይ ቆሞ አንጓውን አላሳየውም። ቀራጩ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። መኪናዋ የኋላ ማርሽ አስገብታ ወጣች፤ ጌድዮንም ቬሉ ወደሄደበት አቅጣጫ ፔዳሉን ረገጠ። እኔ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ ውስጥ የገባው ሽቶ እንደገና ያስለቅሰኝ ጀመር፤ ሽቶው ነው ብዬ ልለፈው።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ፓስተሩ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ሄልሜቱን አዩ። አበቦቹን አዩ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ግቡ» አሉ።

በር ላይ መቆንጠጫዎቹን እያወለቅኩላት ለኢሊሊ ነገርኳት። ስለ ቀራጩ፣ ስለ መኪናዋ፣ ስለ እጁ፣ ሁሉንም። ሄልሜቷን አውልቃ አቀበለችኝና የተበታተነ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ አደረገችው። ኩሉ ወረደ። ሚስኪ በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ስለነበረች ማንም አልገደበውም።

ሥርዓቱ ተጀምሮ እናቴ እያለከለከች ገባች፣ ጎረቤቱ ገባ፣ አማኑ ከበሮውን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። በመጨረሻ ጋሽ መሸሻ ገቡ። መኪናቸውን መንገድ ላይ ከሹፌሩ ጋር ጥለው፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ በላብ ተጠምቀው በእግራቸው ነው የመጡት። ከጎኔ ተቀመጡ።

«ተቀየሙ ጋሼ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«በጣም!» አሉ፤ ግን ዓይናቸው ከጌድዮን ላይ አልተነሣም። «ከየት አመጣው? ካሳደግኩት ጀምሮ ሰምቼበት አላውቅም።» ኮታቸውን ከክንዳቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ደግሞ ደገመውም አሉኝ። ቀራጩ መንገድ ላይ ነገረኝ።»

«ደግሞታል።»

መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ሰውየው እስከ መልሱ ድረስ ተቀይመው ቆይተዋል፤ በመልሱ ቀን ግን መኪናዎቹን ሁሉ ቅያስ ውስጥ አስቁመው፣ ዘመድ አዝማዱን እየመሩ በእግራቸው ነው ቤታችን የመጡት።

ፓስተሩ ወደ ጌድዮን ዞሩ። «ኢሊሊን ሚስትህ አድርገህ ልትቀበላት፣ በደስታም በችግርም ከእሷ ጋር ልትጸና፣ ዕድሜህን ሙሉ ልትጠብቃት ቃል ትገባለህ?»

ጌድዮን ጉሮሮውን ጠረገ። ካልሲው ውስጥ የከተተውን ሱሪ እስካሁን አላወጣውም።

«እሺ» አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈነዳ። ፓስተሩ እንኳ መጽሐፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጌድዮን ደንግጦ «አዎ፣ ማለቴ፣ አዎ» ሲል ኢሊሊ ያችን አንዴ የተሰበረች ግራ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችውና «ተወው» አለችው። «እሺው ይበቃኛል።»

እኔ ከሁሉም በላይ እየሳቅኩ ነበር፤ የኢሊሊ ሄልሜት ጭኔ ላይ ነው፣ አበባው ረግፎ ቀሚሴን ሞልቶታል። ስንት ጊዜ እሺ ሲል ሰምቼው ነበር። አምኜው የማላውቀው እኔ፣ ያን ቀን አመንኩት።